የአመዴ ዶሴ

‹‹ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ›› ይላሉ አበው። ይህን ተረት በዚህ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ ለሹማምንት እንዳዋልኩት የዘወትር አንባብያን ታስታውሱ ይሆናል። ዛሬ ግን ሹማምንቱን ለጊዜው ትቼ ስለ እውነተኛ ድመቶች ላወጋችሁ ነው። ‹‹አገሩ በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ እያለ ስለ ድመት ይጻፋል ወይ?›› የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ቤቴ ለገጣፎ ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ በሲኤምሲና በአያት በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ከተማ ነው። ‹‹ለገ›› በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ ለገዳዲ ላይ የተገደበው ውኃም ዋና ከተማዋን ሲያጠጣ ዐሥርታት አልፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃልሎ ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ገብቷል። በዚህም ምክንያት እኔ ከሳሎኔ ወንበር ሳልነሣ ከተማ ቀይሬያለሁ።

አመዴን ያገኘኋት በየካቲት 2011 ዓ.ም. ነው። ያ ወር ለለገጣፎ ሰው ማስታወሻ አያስፈልገውም። የከተማው አስተዳደር ከ12 ሺህ በላይ ሕገ ወጥ ቤቶች እንደሚፈርሱ ማስታወቁ በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲነገር፣ ነዋሪዎቹ ደግሞ ግብር የከፈልንበት፣ መብራትና ውኃ የገባልን ቤት ነው ሲሉ ተሰማ። ሰዎች ፍራሽና ድስታቸውን ተሸክመው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተጠለሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከቤቴ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው ፍርስራሽ መካከል ሳልፍ አንዲት አመድማ ግልገል ድመት አየሁ። ግድግዳው የለም፣ ጣሪያው የለም፣ የቀረው የበሩ ደፍ ብቻ ነው። እርሷ ግን ደፉ ላይ ጅራቷን በእግሯ ዙሪያ ጠቅልላ፣ ልክ በሩ ሊከፈትላት እንደሆነ ሁሉ ቁጭ ብላለች። ውሻ ሰውን፣ ድመት ቤትን ትከተላለች የሚሉት ትዝ አለኝ። ሁለት ቀን እዚያው አየኋት። በሦስተኛው ቀን በኮቴ ጠቅልዬ ወሰድኳት።

ቡላ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአንድ የሐምሌ ማታ፣ በራሱ ሥልጣን ነው። ከዝናብ ሸሽቶ ገባ፤ ወጥቶም አልሄደ። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ጀምራ ስለነበር፣ የሁለቱ ድመቶች አስተዳደር በእጇ ገባ። መጀመሪያ ላይ ‹‹ድመት ለአይጥ ነው እንጂ ለሶፋ አይደለም›› ትል ነበር። ዓመት ሳይሞላ አመዴ ከእርሷ ጋቢ ሥር ትተኛ ጀመር።

*

በጥር 2016 ዓ.ም. ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የሁለት ዓመት የምርምር ሥራ ደብዳቤ ደረሰኝ። አገሩን አልጠራም፤ ለነገሩም አይጠቅምም። ከዚህ ቀደም ‹‹የተማረው ሁሉ ከሄደ ማን ይቀራል?›› ብዬ በዚሁ ገጽ የጻፍኩ ሰው መሆኔን አልዘነጋሁትም። ደመወዜ የወሩን አጋማሽ መሻገር ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ የማስተምርባቸው መጻሕፍትም ከእኔ ዕድሜ ጋር መወዳደር ጀምረው ነበር። ቢሆንም ምክንያት መደርደር አልፈልግም። በዚያ ቀን የመነኮሰችው ድመት እኔ ነበርኩ።

የስምንት ዓመቷ ልጄ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረበች፦ ያለ አመዴና ያለ ቡላ ወዴትም አትሄድም። የሰፈሬ ሰው ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። አንድ ጎረቤቴ ‹‹ዶክተር፣ ሰው መውጫ አጥቶ አንተ ድመት ይዘህ ልትወጣ ነው?›› አለኝ። የሳቀው በእኔ ነበር፤ ነገር ግን የእርሱ ወንድም በሊቢያ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት እንዳለፉ ስለማውቅ አብሬው መሳቅ አልቻልኩም።

ውድ አንባብያን፣ ድመት ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ለማስገባት በወቅቱ የተጠየቅኩት የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ከቆዳዋ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ ይቀበርላታል፤ በውስጡ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለ። ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ትከተባለች። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሟ ይቀዳና የአውሮፓ ኅብረት ወዳጸደቀው ላቦራቶሪ ይላካል። በአንድ ሚሊ ሊትር ሴረም ውስጥ ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት የመከላከያ አንቲቦዲ መገኘት አለበት። ከተገኘ፣ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል፤ በሽታው አስቀድሞ በሰውነቷ ተደብቆ ከነበረ በዚያ ጊዜ ይገለጣል ተብሎ ነው። በመጨረሻም የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ከተሰጠበት አንሥቶ በዐሥር ቀን ውስጥ መድረስ ግዴታ ነው። ባለቤቱም ከድመቷ በፊት ወይም በኋላ ከአምስት ቀን በላይ ሳይራራቅ መጓዝ አለበት።

ይህን ሁሉ ስሰማ የመጀመሪያ ስሜቴ ቁጣ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን እንደ ሰው ማሰብ ጀመርኩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ልጆቻችንን በዚህ በሽታ እንቀብራለን። ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ብሔራዊ ኢንስቲትዩት አለን፤ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት መመርመሪያ ማዕከልም መቀመጫው እዚያው ነው። የሁለት የለገጣፎ ድመቶች ጠብታ ደም ግን በበረዶ ታሽጎ ባሕር ማዶ ካልሄደ አይታመንም። እንግዲህ ጥፋቱ የአውሮፓ ነው ወይስ የእኛ? መልሱን ያኔ ለማንም አልተናገርኩትም፤ አሁንም የምናገረው እያፈርኩ ነው።

የካቲት ላይ አንድ ክሊኒክ ሁለቱንም ከተበልኝ። በወረቀቱ ተደስቼ ሳገላብጠው የክትባቱ ቀን ከማይክሮቺፑ ቀን እንደሚቀድም አየሁ። ሕጉ ደግሞ ቁጥር ሳይኖራት የተከተበች ድመት እንዳልተከተበች ትቆጠራለች ይላል፤ የተከተበችው እርሷ ለመሆኗ ማረጋገጫ የለምና። ስለዚህ መጋቢት ላይ ሁሉም እንደገና ተጀመረ። ሚያዝያ ላይ ደም ተቀዳ፤ ግንቦት ላይ ውጤት መጣ። ቡላ አለፈ። አመዴ ግን 0.5 አልሞላችም።

የላቦራቶሪው ወረቀት ምን እንደሚል ልንገራችሁ፦ የተገኘው መጠን ይህን ያህል፣ የሚያስፈልገው ይህን ያህል። የእንስሳት ሐኪሙም መንገዱን አስረዳኝ፦ እንደገና ትከተብ፣ ከ30 ቀን በኋላ እንደገና ትመርመር፣ ካለፈች ሦስት ወሯን ትጠብቅ። ለነሐሴው በረራችን አትደርስም፤ በሩ ግን አልተዘጋባትም። ልጄ አለቀሰች። እኔ ግን ወረቀቱን አጥፌ በካርቶን ክላሰር ውስጥ አስቀመጥኩና በላዩ ላይ ‹‹አመዴ›› ብዬ ጻፍኩ።

*

በዚያው ሰሞን በቤታችን ሌላ ዶሴ ነበር፤ የእናቴ።

ሐሳባችን እናቴ ከእኛ ጋር ሄዳ፣ እስክንደላደል ሦስት ወር ቆይታ እንድትመለስ ነበር። ማመልከቻዋን እያዘጋጀን ሳለ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ ላይ ገደብ ጣለ። መንግሥታችን በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ ለመቀበል በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነበር ምክንያቱ። መደበኛው የመጠበቂያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ሁለት መንግሥታዊ አካላት ባልተስማሙበት ነገር የ71 ዓመት መበለት ሠላሳ ቀን ጨመረች ማለት ነው።

እናቴ የጡረታ ደብተሯን፣ የባንክ ደብተሯን፣ የእኔን የሥራ ውልና ደመወዝ፣ የቤት ካርታ፣ የጉዞ መድን አቀረበች። ሰኔ ላይ መልሱ መጣ። በቅጹ ላይ ከተደረደሩት ምክንያቶች በአንዱ ፊት ምልክት ተደርጎበታል፦ ቪዛው ከማለቁ በፊት ስለመመለሷ አጠራጣሪ ነው የሚል ነበር። አነበብኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና አመዴን እየዳበሰች፣

‹‹እኔማ የት ልቀር ኖሯል? አባትህን የቀበርኩት እዚህ አይደል?›› አለች። ቆይታም፣ ‹‹ቆይ፣ ድመቱስ ትመለሳለህ ተብሎ ተጠይቋል?››

አልተጠየቀም። ነገሬ ሁሉ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ማንም አገር በሩን የመጠበቅ መብት አለው፤ ይህን እንደ ፖለቲካ መምህር አልክድም። የተከለከለ ሰው ይግባኝ ማለት እንደሚችልም ዐውቃለሁ። ነገር ግን ከቡላ የተጠየቀው የሚለካ ነገር ነበር፤ በደሙ ውስጥ ያለው ወይ ሞልቷል ወይ አልሞላም። ሲሞላ በሩ ይከፈታል፤ ሲጎድል ምን ያህል እንደጎደለና እንዴት እንደሚሞላ ይነገራል። ከእናቴ የተጠየቀው ግን በልቧ ውስጥ ያለው ነው። የሰው ሐሳብ በስንት ሚሊ ሊትር ይለካል? በየትኛው ላቦራቶሪስ ይረጋገጣል?

ወደ ውጭ ብቻ እንዳንጮኽ ደግሞ ወደ ደጃችን እንመለስ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ቤታቸው የፈረሰባቸው ጎረቤቶቼ ዐሥር ዓመት ሙሉ በየቢሮው ሲመላለሱ፣ አንድ ሰው እንኳ ‹‹የጎደለህ ይህ ነው፣ በዚህ ቀን ይህን ብታሟላ ቤትህ ሕጋዊ ይሆናል›› ቢላቸው ኖሮ ምን ያህሉ ያሟሉ ነበር? ግብር የሚቀበለው መስኮት ዜጋ ይላቸዋል፤ ቡልዶዘሩ ደግሞ ወራሪ ይላቸዋል። ሕግ ማለት የሚያስፈልገውን አስቀድሞ የሚናገር፣ ላሟላው ሁሉ የሚከፍት በር ነው ብዬ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። እንዲህ ያለውን ሕግ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ በዓይኔ ያየሁት ለድመት በወጣው ደንብ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

*

የቡላን ቅጽ ስሞላ ‹‹ዝርያ›› የሚል ቦታ አጋጠመኝ። በዓለም የድመት ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ‹‹አቢሲኒያን›› የሚባል እንዳለ ዐውቅ ነበርና ለቀልድ ያህል ሐኪሙን ጠየቅሁት። ‹‹እርሱ የእነርሱ ነው፤ የእኛው ተራ የቤት ድመት ነው›› አለኝ። አቢሲኒያ የተወለደ ድመት አቢሲኒያን አይደለም!

የስሙ ታሪክ ከመቅደላ ጋር ይያያዛል። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከዘመቻው ሲመለስ አንዲት ድመት ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደችና ስሟም ‹‹ዙላ›› እንደተባለ በዚያው ዘመን የታተመ የድመት መጽሐፍ ይናገራል። የቅርብ ዘመን የዘረመል ጥናቶች የዝርያውን መነሻ ከእኛ ይልቅ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ይወስዱታል። ስሙ ግን አልተነሣም፤ እነሆ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በዓለም ሳሎኖች የእኛን ስም የተሸከመ ድመት ይንጎራደዳል።

ከመቅደላ በዚያው ጉዞ የተወሰደ ሌላም ነበር፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ። በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 በባዕድ አገር አረፈ፤ በዊንድዘር ቤተ ጸሎትም ተቀበረ። አፅሙ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም፤ የሌሎችን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር መልሱ። እናቴ ‹‹ላለመመለስ›› ተጠርጥራ መግባት ተከለከለች፤ ዓለማየሁ ግን መመለስ ተከለከለ። ሁለቱን ጉዳዮች ያስተሳሰርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጉዳዮቹ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ዐውቃለሁ። ሆኖም በዚያ ማታ ቅጹን ይዤ ሳለ ሊለያዩልኝ አልቻሉም።

*

የቡላን ሳጥን በለገጣፎ የሚገኝ አንድ እንጨት ሠሪ በልኩ ሠራልኝ። ደንቡ ድመቱ ቆሞ፣ ዞሮና ተዘርግቶ የሚተኛበት፣ አየር የሚያስገባ፣ ውኃ ከውጭ የሚቀዳበት ሳጥን ነው የሚለው። እንጨት ሠሪው ‹‹ለዶሮ ነው?›› ሲለኝ ነገሩን አስረዳሁት። ሥራውን አቁሞ አየኝና ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት እንደገና አለሰለሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር አለፈ፤ የቡላ የጭነት ሒሳብም በዚያው ልክ ናረ። እናቴ ለመንገዱ ‹‹ትንሽ አረቄ ጠብ ቢደረግለትስ?›› አለች። ማደንዘዣ በአየር ላይ ለትንፋሹ አደገኛ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮኝ ነበርና፣ በአረቄው ፈንታ አሮጌ ነጠላዋን ቀድዳ ከሥሩ አነጠፈችለት።

በደረስንበት አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ባለሙያ የቡላን ጀርባ በመሣሪያ ዳሰሰ፤ 15ቱን አኃዞች ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ፤ ማኅተም መታ። ደቂቃዎች ነበሩ። ቡላ በእናቴ ነጠላ ላይ ተኝቶ አውሮፓ ገባ።

*

ለገና በዓል በ2017 ዓ.ም. ብቻዬን ወደ ለገጣፎ ተመለስኩ፤ አመዴን ልወስዳት። በሁለተኛው ምርመራ አልፋ ነበር፤ ሦስት ወሯን ጨርሳለች፤ የምስክር ወረቀቷም በእጄ ነው። ዶሴዋ ሙሉ ሆኗል።

ታኅሣሥ 26 ቀን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለሳምንታት ሲደጋገም የሰነበተው የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር፤ የዚያ ሌሊቱ ከበረቱት አንዱ ነው። ብርጭቆዎቹ በመደርደሪያው ላይ ሲንኳኩ ዘልዬ ተነሣሁና ወደ እናቴ ክፍል ሮጥኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ‹‹እመብርሃን፣ እመብርሃን›› ትላለች። አመዴ አንገቷ ሥር ገብታ ተሸጉጣለች። ያቺ በደፍ ላይ ያገኘኋት ድመት ቤት ሲንቀጠቀጥ ወደ በር አልሮጠችም፤ ወደ ሰው ሮጠች። ድመት የምትከተለው ቤትን ነው ያሉት ተሳስተዋል፤ ወይም እናቴ ቤቷ ሆናለች።

ጠዋት እናቴ ቡና እየቆላች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ‹‹ውሰዳት ልጄ፤ ሕፃኗ ትጠብቃለች። እኔ ምን እሆናለሁ ብለህ ነው›› አለች። ሳጥኑ በረንዳው ላይ ነበር። ወረቀቱ ከዐሥር ቀኑ አራቱን ጨርሷል።

አልወሰድኳትም።

ልጄ በስልክ ስነግራት አለቀሰች፤ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ‹‹አመዴን ለምን እንደተውካት ገብቶኛል። እማማን ግን ለምንድን ነው የከለከሏት?›› አለችኝ። ስለ አመዴ ብትጠይቀኝ ከነቀኑና ከነቁጥሩ ላስረዳት እችል ነበር። ስለ እናቴ ግን መልስ የለኝም። የሦስተኛ ዲግሪዬ ምን እንደሚጠቅም ያልገባኝ በዚያ ጊዜ ነው።

አሁን እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። እናቴ ስልኩን ወደ ጋቢዋ ዝቅ ታደርግና አመዴን ታሳየናለች፤ ቡላ ድምጿን ሲሰማ ጆሮውን ያቀናል። እናቴ እንደገና ልታመልክት አስባለች። ባለፈው ‹‹የድመቷን ዶሴ አብሬ ላስገባላቸው እንዴ? እርሷ እዚህ እየጠበቀችኝ መሆኑን ካዩ እንደምመለስ ያምኑኝ ይሆናል›› ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሐሳቡ ከጠበቆች ምክር የከፋ አልመሰለኝም።

ቸር እንሰንብት።